ከመሬት የሚወጣ ምስክርና የምእመን አንደበት

ሐዋሳን በመሰለች፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የአብነት ተማሪ በአንድ መንገድ በሚመላለሱባት ከተማ የሚያገለግል ካህን አንድ ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም። ጥያቄውም፥ «ከመሬት እየተቆፈረ የሚወጣው የጥንት ነገር ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ይመሰክራል? ታሪኩን ያጸናዋል ወይስ ያፈርሰዋል?» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ የሚጠይቀውም ለመከራከር ሳይሆን የሚይዘውን አጥቶ ነው። በትምህርት ቤት አንድ ነገር ይሰማል፤ በእጅ ስልኩ ሌላ ነገር ያያል፤ በዐውደ ምሕረት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይነገረዋል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው የፍርሃት መልስ ነው፤ «ይህ የዚህ ዓለም ጥበብ ነውና ጆሮህን ከልክል» ይላል። ሁለተኛው የጉጉት መልስ ነው፤ «እነሆ፥ የኖኅ መርከብ ተገኘ፤ የፈርዖን ሠረገላ ከባሕር ወጣ፤ እንግዲህ ከሓድያን ይፈሩ» ይላል። ሁለቱ መልሶች ተቃራኒዎች ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የእምነትን መሠረት በቆፋሪው አካፋ ላይ ያኖራሉና። የሚፈራው አካፋው እንዳያፈርስበት ይፈራል፤ የሚጓጓውም አካፋው እንዲደግፍለት ይጓጓል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው ግን፥ ምእመን ከቁፋሮ ሊቃውንት የሚመጣውን ቃል ሳይፈራ መስማት፥ ሳይጨምርበትም መናገር የሚገባው መሆኑን ነው። ነገሩ የዕውቀት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን በሐሰት አለመመስከርን የሚመለከት የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድመን የጥንት ነገር ዘመኑ በምን እንደሚታወቅ እንመልከት። ለዚህም ምሳሌ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ደቡብ በዲላ መንገድ የሚጓዝ ሰው የጌዴኦን ምድር ያገኛል። በዚያ ምድር፥ በእንሰትና በቡና ተክል መካከል፥ የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው እጅግ ብዙ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ አገሩም በ2023 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እነዚህ ትክል ድንጋዮች በ1100 ዓ.ም. ገደማና ከዚያ ወዲህ የቆሙ ናቸው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር። በ2021 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ የሚገኙት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓ.ም. ገደማ ሳይቆሙ እንዳልቀሩ አመለከተ። እንግዲህ በአንድ ጥናት ምክንያት ዘመናቸው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደ፤ ቅዱሳን ሐዋርያት ወንጌልን ይሰብኩ ወደ ነበሩበት ዘመን ደረሰ ማለት ነው።

ይህ እንዴት ይታወቃል? ድንጋዩ ራሱ መቼ እንደ ቆመ አይናገርም። የሚናገረው ከሥሩ ወይም ከአጠገቡ ተቀብሮ የሚገኘው ከሰል፥ አጥንት፥ ወይም ሌላ ሕይወት የነበረው ነገር ነው። ማናቸውም ተክልና እንስሳ በሕይወት ሳለ ካርቦን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከአየርና ከምግብ ይቀበላል፤ ከዚሁም ውስጥ ጥቂቱ እየቆየ የሚጠፋ ዓይነት ነው። ተክሉ ወይም እንስሳው ሲሞት መቀበሉ ይቀራል፤ የሚጠፋውም ዓይነት በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረው መጠን ሲለካ የሞተበት ዘመን ይገመታል። ይህን ዘዴ ያገኘው ዊላርድ ሊቢ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1960 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ሆኖም መለኪያው አንድ ቁርጥ ያለ ዓመት አይሰጥም፤ «ከዚህ ዓመት እስከዚያ ዓመት ባለው መካከል» ብሎ ይናገራል እንጂ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፥ ቀድሞ 1100 ዓ.ም. ያሉት ሊቃውንት ሐሰተኞች አለመሆናቸው ነው፤ በእጃቸው በነበረው ማስረጃ ፈረዱ፥ የተሻለ ማስረጃ ሲገኝም ፍርዱ ታረመ። ሁለተኛው፥ ይህ ዕውቀት ነገም ሊታረም የሚችል መሆኑ ነው። ስለዚህ የቁፋሮ ሊቅን በችሎት እንደ ቆመ ምስክር አድርገን ልንቀበለው ይገባናል። ምስክር ባየው ነገር ይሰማል፤ ባላየው ነገር አይጠየቅም። ዳኛ ምስክሩን አይንቅም፤ ነገር ግን ካየው በላይ እንዲናገር አያስገድደውም።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እንሂድ። በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ከምድራዊ ገዢዎች የአንድ ሰው ስም ብቻ ይጠራል፤ እርሱም ጲላጦስ ነው። አባቶቻችን የዚያን ሹም ስም በእምነት ቃል ውስጥ ያኖሩት ሊያከብሩት አይደለም፤ የጌታችን ሕማምና ሞት በተረት ዓለም ሳይሆን በታወቀ ዘመንና በታወቀ አገር የተፈጸመ መሆኑን ሊያስረዱ ነው እንጂ። እንግዲህ እምነታችን ራሱ ዘመንንና ቦታን ጠቅሶ የሚናገር ስለ ሆነ፥ «ታሪክና ቁፋሮ ከእኛ ጋር ምንም ነገር የላቸውም» ማለት አንችልም። ፍርሃት መልስ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

በ1961 ዓ.ም. በቂሣርያ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ የሚቆፍሩ የኢጣልያ ሊቃውንት የላቲን ጽሕፈት ያለበት የተሰበረ ድንጋይ አገኙ። በድንጋዩ ላይ የጲላጦስና የጢባርዮስ ስም ተጽፏል፤ ጲላጦስም የይሁዳ ገዢ መሆኑ ተመልክቷል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንዳንድ ሰባኪ፥ «ይህ ድንጋይ እስኪገኝ ድረስ ጲላጦስ የሚባል ሰው አልነበረም ይሉ ነበር» ብሎ ቢናገር ከእውነት ይርቃል፤ ስሙ በፊሎን፥ በፍላቪዮስ ዮሴፍና በሮማዊው ታኪቱስ መጻሕፍትም ተጽፎ ይታወቅ ነበርና። ደግሞም ድንጋዩ ገዢው በዚያ ዘመን እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ፥ በእርሱ ዘመን የተሰቀለው ጌታ በሦስተኛው ቀን እንደ ተነሣ አይመሰክርም። የዚያ ምስክሮች ሐዋርያት ናቸው፤ ምስክርነታቸውንም በደማቸው አትመዋል።

ስለ ንጉሡ ስለ ዳዊትም እንዲሁ ነው። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ዳዊትን እንደ አፈ ታሪክ ሰው አድርገው ይቈጥሩት ነበር። በ1993 ዓ.ም. በእስራኤል አገር በስተሰሜን፥ ዳን በተባለው ስፍራ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በዘጠነኛው መቶ ዓመት በአራማይክ የተጻፈ የድል ሐውልት ስባሪ ተገኘ፤ በእርሱም ላይ «ቤተ ዳዊት» የሚል ቃል ተነበበ። ከዚያ ወዲህ ዳዊት የነገሥታት ዘር መሥራች መሆኑን የሚክድ ሊቅ ጥቂት ነው። ይህም ድንጋይ ግን የዳዊትን ስም ቤት ጠቀሰ እንጂ ጎልያድን እንዴት እንደ ጣለው ወይም ስለ ኃጢአቱ እንዴት እንዳለቀሰ አልነገረንም። ምስክሩ ያየውን ተናግሯል፤ እናመስግነው፤ ከዚያ በላይ አናስገድደው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ከሁሉ የሚያስደንቀው የመጽሐፈ ሄኖክ ነገር ነው። ይህ መጽሐፍ ከሐዋርያው ከይሁዳ መልእክት ጋር ግንኙነት ያለው፥ ቤተ ክርስቲያናችንም ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቈጥረው ነው። በሌላው ዓለም ጠፍቶ ከጥቂት የግሪክ ቁራጭ በቀር ሲታጣ፥ ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ቆየ። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ በ1773 ዓ.ም. አውሮፓ ገባ። በዚያም ከሊቃውንት አንዳንዶቹ መጽሐፉን ከክርስቶስ ልደት በኋላ የተደረሰ አድርገው ገመቱት። በኋላ ግን ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የጥንት ብራናዎች ተገኙ፤ በ1952 ዓ.ም. በተገኘው በአራተኛው ዋሻ ውስጥም በአራማይክ የተጻፉ የሄኖክ ቁራጮች ወጡ። ከእነርሱ የጥንቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይደርሳል። ሚሊክ የተባለው ሊቅ እነዚህን ቁራጮች በ1976 ዓ.ም. አሳተማቸው። መጽሐፈ ኩፋሌም በዚያው ስፍራ በዕብራይስጥ ተገኝቷል፤ የእርሱም ሙሉ ንባብ ያለው በግእዝ ብቻ ነው።

ይህን ስንሰማ ልባችን ቢደሰት ተገቢ ነው። ስማቸው የማይታወቅ የአገራችን ጸሐፍት ፍየልና በግ አርደው፥ ቆዳ ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው፥ አንዱ ካንዱ እየገለበጠ ያቆዩት ቃል ሁለት ሺህ ዓመት ከመሬት በታች ከነበረው ቃል ጋር ተገናኘ። ነገር ግን እዚህም የምስክርን ሚዛን አንጣል። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው የሄኖክ ክፍል፥ ስለ ሰው ልጅ የሚናገረው፥ በቁምራን ቁራጮች መካከል አልተገኘም። ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ዑደት የሚናገረው ክፍል ደግሞ በአራማይኩ ከግእዙ ይልቅ የሰፋ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን መናገር መጽሐፉን አያዋርደውም። የሚያዋርደው፥ የተገኘውን ብቻ አንሥቶ ያልተገኘውን መደበቅ ነው፤ ነገ ተማሪው ራሱ አንብቦ ሲያገኘው መምህሩን በሌላውም ነገር መጠራጠሩ አይቀርምና።

በዓድዋ አጠገብ በእንዳ አባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትም ወንጌላት እንዲሁ ናቸው። ሊቃውንት በ1100 ዓ.ም. ገደማ የተጻፉ አድርገው ሲገምቷቸው ኖረዋል። ብራናው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ሲመረመር ግን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውል ሆኖ ተገኘ። የገዳሙ አባቶች ከዘጠኙ ቅዱሳን ዘመን የመጣ ነው ሲሉ የኖሩት ቃል እንደ ተናቀ አልቀረም። ቢሆንም የተለካው የቆዳው ዕድሜ ነው፤ ብራናው ዘመኑን ተናገረ እንጂ የጻፈውን እጅ ስም አልተናገረም። ጻፊው አባ ገሪማ መሆናቸውን የምንቀበለው ከትውፊት ነው፤ ትውፊትም ራሱን የቻለ ክብር ስላለው የመለኪያ መሣሪያ ልብስ ልናለብሰው አያስፈልግም።

እስከዚህ ድረስ የጠቀስነው የሚያስደስተውን ነው። የሚከብደውን ትተን ብናልፍ ግን እኛው ራሳችን የነቀፍነውን ማድረጋችን ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ጋርስታንግ የተባለ እንግሊዛዊ በኢያሪኮ ሲቆፍር የወደቀ ቅጥር አገኘና ኢያሱ ያፈረሰው ነው ብሎ አስታወቀ። ብዙ ሰባክያንም ቃሉን ተቀብለው በየአደባባዩ አወጁት። ከ1952 እስከ 1958 ዓ.ም. ካትሊን ኬንየን የተባለች ሊቅ በተሻለ ዘዴ ስትቆፍር ግን ያ ቅጥር ከኢያሱ ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ያህል የሚቀድም ሆኖ ተገኘ። ኢያሱ ገባ በሚባልበት ዘመን በዚያ ስፍራ የነበረች ታላቅ ቅጥር ያላት ከተማም አላገኘችም። ስለዚህ ነገር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ ዘመኑ እንደገና ይቆጠር ይላሉ፤ አንዳንዶቹ የዚያ ዘመን ፍርስራሽ በነፋስና በዝናብ ታጥቦ ሄዷል ይላሉ፤ ሌሎችም ታሪኩ የተጻፈበትን መንገድ መመርመር ይገባል ይላሉ። ምእመን በዚህ ነገር ፍርድ እስኪገለጥ ቢታገሥ አይጎዳም። የተጎዱት፥ ትናንት በጋርስታንግ ቅጥር ላይ እምነታቸውን ደግፈው የነበሩት ናቸው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአክሱም ዱንጉር የተባለው ፍርስራሽ በሕዝብ ዘንድ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይባላል። የቆፈሩት ሊቃውንት ግን በአክሱም መንግሥት ዘመን፥ በ6ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. ገደማ የተሠራ መሆኑን ተረድተዋል፤ ይህም ከንጉሡ ከሰሎሞን ዘመን አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል የሚዘገይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከጀርመን አገር የመጡ ተመራማሪዎች የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥት አገኘን ብለው ቢያስታውቁም ማስረጃቸው ሌሎቹን ሊቃውንት አላሳመነም። እንግዲህ ንግሥቲቱ ወደ ሰሎሞን መሄዷን የምናምነው ከመጽሐፈ ነገሥትና ከጌታችን ትምህርት እንጂ ከዱንጉር ግንብ አይደለም። ተሳላሚውን ወደዚያ ወስዶ «አባቶች እንዲህ ይሉታል» ማለት እውነት ነው፤ «ሳይንስ እንዲህ አረጋገጠ» ማለት ግን ሐሰት ነው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም የመምህሩ ታማኝነት የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ሕዝቡ የዋህ ነው፤ መርከቡ ተገኘ ሲባል እምነቱ ይጸናል፤ ነገሩ እርግጥ ባይሆንም ለበጎ ከዋለ ምን ይጎዳል? ለምንስ ታፈርሱበታላችሁ?» የሚል አስተዋይ ሰው አይጠፋም። የዚህ ተቃውሞ መነሻ ለሕዝቡ ማዘን ስለ ሆነ በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም። መልሳችን ግን ይህ ነው። ጻድቁ ኢዮብ ወዳጆቹን የገሠጻቸው እግዚአብሔርን ስለ ተቃወሙ አልነበረም፤ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ሐሰትን ስለ ተናገሩለት ነው። እግዚአብሔር ራሱም በመጨረሻ የፈረደው በጠበቆቹ ላይ ነው። እውነት የሆነው አምላክ በሐሰት ምስክርነት አይገለገልም። ከዚህም በቀር፥ የዋሁ ሰው በሐሰት ወሬ ያገኘው ጽናት የወሬው ዕድሜ ያህል ብቻ ይቆያል። ወሬው ሐሰት ሆኖ በተገኘ ቀን፥ ወጣቱ የሚጥለው ወሬውን ብቻ አይደለም፤ ወሬው ከተነገረበት ዐውደ ምሕረት የሰማውን ወንጌልም አብሮ ይጥላል። በዐሥራ ስምንት ዓመቱ የሠረገላውን ሥዕል አይቶ እልል ያለ ተማሪ በሃያ ሁለት ዓመቱ ሥዕሉ የተሠራ መሆኑን ሲያውቅ ማን ይመልሰዋል? ለዚህ ነፍስ የሚጠየቀው ያስተማረው ነው።

ዓመተ ዓለምን በመቁጠርም የአባቶቻችን አካሄድ ትዕግሥትን ያስተምረናል። እኛ በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት እንቆጥራለን። በምዕራቡ ዓለም ደግሞ ጄምስ አሸር የተባለው የአየርላንድ ጳጳስ በ1650 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ 4,004 ዓመት ብሎ ቆጥሯል። ልዩነቱ የመጣው ከመጻሕፍቱ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ አዳም ሴትን ሲወልድ በግእዙና በሰባ ሊቃናት ትርጓሜ 230 ዓመት፥ በዕብራይስጡ 130 ዓመት ሆኖ ይገኛል። ይህ ልዩነት በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ሆኖ ሳለ፥ አባቶች ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱን እንኳ በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ አላስገቡም። በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት ሐሳቡን ይዘዋል፤ የፈጣሪን ሥራ ዘመን ግን የድኅነት መመዘኛ አላደረጉም። እንግዲህ አንድ ተማሪ በመምህሩ ፊት ስለ ምድር ዕድሜ የሰማውን ቢያነሣ፥ መምህሩ በቁጣ ሳይሆን አባቶች ባሳዩት ስፋት ሊመልስለት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለእኛ የሚቀረው ሥራ ምንድን ነው? አንደኛ፥ ካህን ስለ አዲስ ግኝት ሲሰማ ማን አገኘው፥ የት አገኘው፥ ዘመኑ በምን ተለካ፥ ሌሎች ሊቃውንትስ ምን አሉ ብሎ ሳይጠይቅ ወደ ዐውደ ምሕረት አያውጣው። «ይህን ገና አላወቅሁም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለት መምህርን አያሳንሰውም። ሁለተኛ፥ በሐዋሳም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ገጠሮች ለቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲቆፈር የሸክላ ስባሪ፥ የተጠረበ ድንጋይ ወይም አጥንት ቢወጣ፥ ሥራውን አቁሞ ለባህልና ቅርስ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይገባል። ከላይ እንዳየነው ዘመንን የሚናገረው ዕቃው ብቻ ሳይሆን አብሮት የተቀበረው ከሰልና አፈር ነው፤ ከስፍራው የተነቀለ ዕቃ ግማሽ አንደበቱን አጥቷል። ሦስተኛ፥ ብራናዎቻችንን ከእርጥበት፥ ከእሳትና ከሻጭ እንጠብቅ። መጽሐፈ ሄኖክ ለዓለም የደረሰው ቆፋሪ ስላገኘው ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ጠባቂ ስለ ነበረው ነው። ያለ ግእዙ የቁምራን ቁራጮች እርስ በርሳቸው የማይገጣጠሙ ስባሪዎች ሆነው በቀሩ ነበር።

ሁላችንም፥ ካህናትም ምእመናንም፥ በልባችን ልናኖረው የሚገባን ይህ ነው። መቃብሩ ባዶ ሆኖ መገኘቱን የሰሙት ሴቶችና ሐዋርያት ለዓለም ሁሉ የመሰከሩት ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ነበር። በዚያ ላይ አልጨመሩም፤ ከዚያም አላጎደሉም። ምስክርነታቸው ዓለምን ያሸነፈው ስለዚህ ነው። እኛም ልጆቻቸው ከሆንን፥ ድንጋይ ሲናገር ቃሉን ሳንፈራ እንስማ፤ ድንጋይ ዝም ሲልም በስሙ አንናገርለት። አምላካችን እውነትን የሚወድ ልብና ከእውነት የማይወጣ አንደበት ይስጠን፤ አሜን።